የጋሽ አየነው ዲፈረንሻል

የሚሻለውን ሲመርጥ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ሳስተምር ጋሽ አየነው የሚባሉ ባለ ጭነት መኪና ጎረቤት ነበሩኝ። ክረምት በገባ ቁጥር መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል፤ አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያየዋል። መፍትሔው ዲፈረንሻሉን፣ ማለት ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ማርሽ፣ መለወጥ ነበር፤ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ነበር፣ አቅምም አላነሳቸውም።

"እጀታ ሲጎተት ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያስረው ጉልበት አለው፤ ግን ኩርባ ላይ ከተረሳ ውስጡን ይሰብራል" ይሉኛል ጠዋት። ማታ ደግሞ፣ "በራሱ የሚይዘው ምቹ ነው፤ ግን ጭቃው ሲብስ ይለግማል" ይላሉ። ሹፌሩንም መካኒኩንም ጠየቁ። የቅኔ መምህሩን ቢያማክሩ ለነገሩ ሁለት ትርጉም አገኙለትና ጭራሽ አወሳሰቡት። እንዲህ እያለ ክረምቱ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል።

አንድ ሐምሌ የጎረቤታችን የደምስ ሚስት ምጥ ጠናባትና በዚያው መኪና ወደ ሞጣ ሐኪም ቤት ይዘናት ወጣን። መንገድ ላይ ጭቃው ያዘን። ድንጋይ ጠቀጠቅን፣ ገፋን፤ አንዱ ጎማ ብቻውን መሽከርከሩን አልተወም። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸከምናት። ሞጣ ሳንደርስ አረፈች፤ ልጁም አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ጋሽ አየነው ከደምስ አጠገብ ተቀመጡ።

"የትኛው እንደሚሻል ሳልቆርጥ ነው'ኮ ክረምቱ የቀደመኝ፣ ልጄ" አሉት።

ደምስ ቀና ሳይል፣ "ማንኛቸውም ያደርሷት ነበር፣ ጋሼ" አላቸው።