መቶ ሃያ አራተኛው ሰው

የትኛውም ማኅበር በሊቀመንበር አይቆምም። በገንዘብ ያዥም፣ በማኅተምም፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መመሪያም አይቆምም። ማኅበር የሚቆመው ሰው በሚለቅም ሰው ነው። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየማኅበሩ፣ በየወላጅ ኮሚቴው፣ በየሰፈሩ አንድ አሉ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ወንበሩን ቆጥረው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ውልቅ ይላሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስት ሰው እየነዱ ይመለሳሉ።

የእኛን የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰው ለቃሚ አባሉ ሁሉ ጋሽ ምልዓተ ጉባኤ ይላቸዋል፤ ሲቸኩል ጋሽ ምልዓት። ሥልጣን የላቸውም፣ አበል የላቸውም፣ ማንም አልመረጣቸውም። ያላቸው ሦስት ላም፣ አንድ ከዘራ፣ እና ጉባኤ ባልሞላበት ቀን እህል የማያስወርድ ጉሮሮ ነው።

ደንባችን ትልቅ ውሳኔ ለመወሰን ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት ይላል። መቶ ሰማንያ ስድስት ነን፤ ስለዚህ መቶ ሃያ አራት ሰው ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን እያንዳንዱ «ሌላው ይሄዳል» ብሎ ቤቱ ስለሚቀር፣ ሊቀመንበራችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ስብሰባ ሲከፍቱ አዳራሹ ውስጥ ያለው ድር አብዛኛው የሸረሪት ነው። ያኔ ጋሽ ምልዓት «ባዶ ወንበር እጅ አያወጣም» ይሉና ይነሳሉ።

አንድ ጊዜ ፀጉር ቤት ገቡ። አንዱ አባላችን ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ለብሶ ተቀምጧል። ግማሹ ለስብሰባ ይበቃል ብለው ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ይዘውት ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አሰቡ። ለካስ ፀጉር አስተካካዩም ሁለት ላም አለው፤ እሱም አባል ነው። ተመልሰው እሱንም ወሰዱት።

እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው ቤት ሄደው ደግሞ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እጁ ነበር። ደህና ነው ሲላቸው፣ እንግዲያው እግሩን ለእኔ ተወው ብለው በእጅ ጋሪ እየገፉ አመጡት። በአጥር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችም ነበሩን። ለታላቁ «ታናሽህ ያሻውን ሊያስወስን ነው» አሉት፤ ለታናሹም ስለ ታላቁ ያንኑ። ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ጋሽ ምልዓት ዋሹ የሚል ካለ ይኸው፣ ሁለቱም ያሻቸውን ሊያስወስኑ መጥተዋል።

እኔም ከእጃቸው አላመለጥኩም። አንድ ቀን ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምቼ የድርቆሽ ክምር ላይ ወጣሁና ተኛሁ። ባለቤቴ ያለ እፍረት የለም አለቻቸው። ጋሽ ምልዓት ክምሩን ሽቅብ አይተው፣ «እሺ እመቤት፣ እንግዲያው ለድርቆሹ ንገሪልኝ፤ ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ነው» አሏት። ድርቆሹ አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ልፋት ለራሳቸው ሐሳብ ቢሆን ምንም አልነበረም። ጋሽ ምልዓት ድምፅ ሲሰጥ ዘወትር ተሸናፊ ናቸው። የመኖ ግዢው ሲወሰን ተሸንፈዋል፣ የበሩ ቀለም ሲመረጥ ሳይቀር ተሸንፈዋል፤ ያሸነፏቸውም ከየቤቱ ጎትተው ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። ይህን ስንነግራቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ተቃወሙኝ፤ ግን መጥታችሁ ተቃወሙኝ።»

እንግዲህ የማቀዝቀዣው ነገር መጣ። የፋብሪካው መኪና ወተት የሚወስደው ጠዋት ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ያለብነው ሲነጋ ኮምጥጦ ይጠብቀዋል። የልፋታችን ግማሽ ለጥጃና ለድመት ነበር። ማኅበሮቹን የሚያስተባብረው ዩኒየን አንድ ትልቅ የወተት ማቀዝቀዣ መደበልን፤ የእኛ ድርሻ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ መወሰን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ስብሰባ ዝናብ በተነው፣ ሁለተኛውን ቀብር። ሦስተኛው የቅዳሜው ነው። የዩኒየኑ ተወካይ እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከወሰናችሁ ማቀዝቀዣው ሰኞ ይተከላል፣ ካልሞላ ለቀጣዩ ማኅበር ያልፋል ብለው ቁርጡን ነገሩን።

ለእኔ ነገሩ ከወተትም በላይ ነበር። ልጄ ወተት አመራረትና ምርመራ ተምራ ተመርቃ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። ማቀዝቀዣው ከመጣ ወተቱን እየመረመረች የምትረከበው እሷ ናት። ከቀረ እሑድ ጠዋት ወደ ከተማ ሄዳ ዕቃ መደብር ውስጥ ሻጭ ልትሆን ነው፤ ሻንጣዋ ተቆልፎ በሩ ሥር ቆሟል። በየቀኑ ዓይኔን አዙሬ አልፈዋለሁ።

የማቀዝቀዣው ዋና ተቃዋሚ ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ምልዓት። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን በሚጠፋበት አገር መጀመሪያ ጀነሬተር ይገዛ፣ አለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው ይላሉ። ክፋቱ፣ ሰውዬው ሞኝ አይደሉም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆመው ቆጠሩ። ራሳቸውን ጨምረው መቶ ሃያ ሦስት። አንድ ሰው ጎደለ። ካልመጡት ሁሉ ቤቱ ለአዳራሹ የሚቀርበው እኔ ነበርኩ። በኋላ የማኅበሩ ጸሐፊ እንደነገረችኝ፣ የተቃዋሚው ወገን በደስታ ከበባቸው። አርፈው ይቀመጡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉባኤው ይበተናል፣ ማቀዝቀዣውም ይቀራል አሏቸው። ጋሽ ምልዓት ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ባዶ ወንበር አሸነፈልኝ ብዬ ለልጆቼ ላውራ?» አሉና ወጡ።

እኔ በዚያ ሰዓት ያልሄድኩት በስንፍና አይደለም። ላሚቱን ምጥ ይዟታል፤ የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፎ አልወጣ ብሏል። እጄ እስከ ክርኔ ውስጥ ነው፣ ላቤ አይኔ ውስጥ ይገባል፣ ላሚቱንም የልጄንም ነገር በአንድ ጠዋት ላጣ ነው እያልኩ አለቅሳለሁ ማለት ይቻላል። ከበረቱ በር የከዘራ ድምፅ ሰማሁ።

ጋሽ ምልዓት ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ምሰሶው ላይ ሰቀሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ጎኔ ተንበረከኩ። ጥጃውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፋው፣ ከዚያ ሰኮናውን በመዳፍህ ሸፍነህ እግሩን አቅና አሉኝ። እግሩ ተቃና። ሁለቱን እግሮች በገመድ አሰርን። ስትገፋ እየሳብን፣ ስታርፍ እያረፍን፣ ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርስ እየተደገፍን ጎተትን። ጥጃዋ ዱብ ስትል ሁለታችንም አብረናት ወደቅን። አፍንጫዋን በገለባ ጠርገው ትንፋሿን ሲሰሙ፣ «ሴት ናት» አሉና ወዲያው ሰዓታቸውን አዩ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ባለቤቴ ላሚቱን ተረከበችን፤ እኛ ወደ አዳራሹ ሮጥን። ግማሽ መንገድ ላይ ኅሊናዬ አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ምልዓት፣ አልዋሽዎትም፤ እኔ እጄን የማወጣው ለማቀዝቀዣው ነው። ልጄ…»

«አውቃለሁ። የልጅህን ነገር ያላወቀ ማን አለ? ተራመድ።»

ከዚያ መንገዱን ሙሉ እያለከለኩ ሐሳቤን ሊያስቀይሩኝ ሞከሩ። ስለ መብራት፣ ስለ ጀነሬተር፣ ስለ ነዳጅ ዋጋ ያልነገሩኝ የለም። እየጎተቱም ይከራከራሉ፤ እየተከራከሩም ይጎትታሉ።

ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲል ገባን። በሩ ላይ ቆመው፣ «መቶ ሃያ አራት!» ሲሉ የዩኒየኑ ተወካይ ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ።

ክርክሩ ተከፈተ። ጋሽ ምልዓት ተነስተው ተቃወሙ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ራሴ ልቤ ሸርተት ብሎ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ቆማ የምትጠብቀኝን ልጄን አይቼ ነው የተመለስኩት። ሊቀመንበሩም ሐሳቡ ከባድ መሆኑን አምነው ጀነሬተሩ ከማቀዝቀዣው ጋር አብሮ እንዲገዛ ውሳኔው ላይ አስጨመሩ። ጋሽ ምልዓት አልተደለሉም። አብሮ ሳይሆን መጀመሪያ ነው ያልኩት ብለው ተቀመጡ።

የሚደግፉ እጅ አወጡ። ሰባ ስምንት። እጄን ከፍ ሳደርግ ነው አለመታጠቤን ያየሁት። የሚቃወሙ ሲባል አርባ ስድስት እጅ ወጣ። ከመካከላቸው አንዷ እጅ እንደኔው እስከ ክርኗ ድረስ የምጡ ደምና የሽርት ውሃ ደርቆባታል።

አዳራሹ ተናወጠ። አግዳሚ ተገለበጠ፣ ባርኔጣ ተወረወረ፣ በአጥር የተጣሉት ወንድማማቾች ሳያስቡት ተቃቀፉ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ፊቱን አጥቁሮ ጋሽ ምልዓትን ተጠጋቸው።

«ደስ ይበልዎት፤ በእርስዎ እግር ተሸነፍን» አላቸው።

«ማን ተሸነፈ?» አሉት ጋሽ ምልዓት፣ ክንዳቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «መቶ ሃያ አራት ሰው ተሰብስቦ ወሰነ። አሸነፍን እንጂ።»

ዛሬ የፋብሪካው መኪና ሙሉ ጭኖ ይሄዳል፤ የማታው ወተት ከጠዋቱ እኩል ይሸጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩ ይነሳል፣ እኛም ማን እንዳስገዛው እናውቃለን። እንደ ልጄ ከተማ ሊሄዱ ከነበሩት የሰፈሩ ልጆች አራቱ ማኅበሩ ውስጥ ሥራ ይዘዋል። በሕይወቴ ብዙ ሰው ደግፎኛል፤ ምስጋና ይግባቸው። እንደ ጋሽ ምልዓት አድርጎ የተቃወመኝ ግን የለም፣ እንደሳቸውም የምወደው ሰው የለም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸው ስለማላውቅ እዚህ ጻፍኩት።

ያን ቀን ሁሉም ሲጨፍር እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ልጄ ውጭ ቆማ ጩኸቱ የደስታ ይሁን የጠብ አልገባትም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። መስኮቱን ከፈቱላት።

«ልጄ፣ ግቢ» አሏት። «ሻንጣሽን ፍቺው፤ ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»