እሁድ ያነሳሁት እጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሴቻ ሰፈር ከመጋረጃ ጀርባ የመጣ አንድ ድምፅ ጉድ አፈላብኝ! ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ነገሩ የጀመረው እሁድ ቸርች ውስጥ ነው። ቀኝ ትከሻዬን ካመመኝ ሰነባብቷል። ፀጉሬን ማበጠር አልችልም። የቀሚስ ዚፕ ከጀርባ መዝጋትማ ተዉት!

የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ቶማስ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ጮኹ፣ ላብ በላብ ሆኑ። ከዚያ "በይ እጅሽን አንሺ!" አሉኝ።

ቀኜን ሞከርኩ። ከደረቴ በላይ ንቅንቅ የለም!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኚህ ደግ ሰው ያን ያህል ደክመውልኝ፣ ጉባኤው ሁሉ አፍጥጦብኝ፣ "አልቻልኩም" ይባላል? ይሉኝታ ገደለኝ።

ግራዬን አነሳሁ!

ሃሌሉያው ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ። የትኛው ትከሻዬ እንደታመመ ማን ያስታውሳል?

ከዚያማ "ድናለች" ተብሎ ተወራ። ገጠር ላንቴ ሙዝ የምታመርተው አክስቴ ሳትቀር ሰምታ ትልቁን የሙዝ ዘለላ አሸከመችኝ። ትከሻዬ ባሰበት።

ዛሬ ከሰፈሬ ከሲቀላ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ሴቻ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም ብዬ እኮ ነው!

ፊዚዮቴራፒስቱ ቀልድ የማያውቅ ወጣት ነው። "ራስሽ አንሺው" አለኝ። እጄ ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። "አሁን ዘና በይ፣ እኔ ላንሳልሽ" አለ። እሱም ሲያነሳው እዚያው ጋ ቆመ።

"መገጣጠሚያው ራሱ ደርቋል። ፍሮዝን ሾልደር ይባላል። ጊዜ ቢወስድም በእንቅስቃሴ ይለቃል" ብሎ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ያስኬደኝ ጀመር።

"ከጀመረሽ ወዲህ የተሻለሽ ጊዜ ነበር?"

"በፍጹም!"

"እሁድ ድናለች እኮ!" አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ።

ክው አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። ጋሽ ቶማስ! አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ትኩስ ነገር ታስሮላቸው!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ጋሼ፣ ያነሳሁት ደህነኛውን ነበር። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው" አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። እኚህን ሰው ከማሳዝን ሁለቱም ትከሻዬ ቢደርቅ ይሻለኛል።

"የኔ ልጅ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያን ቀን የጮህኩት ለጸሎቱ ብቻ መሰለሽ? እጄን ራስሽ ላይ ስጭን ትከሻዬን እየወጋኝ ነበር። በመሃል ማውረድ ደግሞ አፈርኩ።"

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን! ፊዚዮቴራፒስቱ "ኧረ ትከሻችሁን አታናውጡ!" እያለ ይቆጣል።

ሳቃችን ሲበርድ ግን ጋሽ ቶማስ ቆረጡ። "እግዚአብሔር በሐኪምም እጅ ይፈውሳል። እሁድ አብረን ወጥተን እውነቱን እንናገራለን።"

እሺ አልኩ። እምቢ ይባላል እንዴ?

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። መድረክ ላይ ቆመን፣ የአምልኮ መሪው እንደ ልማዱ "ሁለት እጃችሁን አንሱ!" ቢለንስ? በሁለታችን መሃል ያለን ጤነኛ እጅ ሁለት ነው፣ አንዱ ደግሞ ማይክ ይይዛል!