የጋሽ ታደሰ ግራ እጅ

በዚያ ዘመን የሰው ታማኝነት የሚለካው በግራ እጁ ነበር። ቀኝ እጅማ ምን ምስጢር አለው? ይጽፋል፣ ይጎርሳል። ግራው ግን መፈክር በተሰማ ቁጥር ተጨብጦ መውጣት፣ ወጥቶም መቆየት ነበረበት። ማን ቀድሞ እንዳወረደ የሚያይ ዓይን ደግሞ ከስብሰባ ጠፍቶ አያውቅም።

የወሎ ሰፈር ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ፣ ቀድመው ማውረድ ጀመሩ። የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ሲከፈት እጃቸው ከሁላችንም በላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጆሯቸው ጋ ይደርሳል። ስብሰባው ሲጋመስ ጉልበታቸው ላይ ይተኛል፤ የዓይናቸውም ቆብ አብሮ ይወርዳል። እትዬ አስካለ ከኋላ ሆነው፣ «ጋሼ፣ አብዮቱ እንቅልፍ እንቅልፍ አለዎት እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ለሚቀጥለው እሑድ ግለ ሂስ እንዲያቀርቡ አዘዘ።

ግለ ሂስ አቅርቦ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው እናውቅ ስለነበር ሐኪም ቤት ይሂዱ አልናቸው። መታመም ወንጀል አይደለም ብለን ነው። የዋህነታችን!

ሐኪሙ መርፌ ሲወጋቸው የወደቀው የዓይናቸው ቆብ ለጥቂት ደቂቃ ብድግ አለ፤ በሽታው ታወቀ። እሑድ ጋሽ ታደሰ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ቆመው አስረዱን። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ይልካል። በጡንቻው ሕዋስ ገጽ ላይ መልእክቱን የሚይዙ ጥቃቅን ተቀባዮች አሉ። ጤነኛ ሰው ትርፍ ተቀባይ ስላለው ክንዱ ቶሎ አይዝልም። የእሳቸው ተመናምነዋል፤ ሥራ ሲደጋገም ትእዛዙ ይላካል እንጂ አይደርስም። ሲያርፉ ይሻላቸዋል።

እፎይ አልን። እትዬ አስካለም «አፌን ቁረጠው» አሉ። ሊቀመንበሩ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ታዲያ ተቀባዮቹን ማን ጨረሳቸው ሲል ጠየቀ።

አስተማሪ ሲጠየቅ መች ዝም ይላል? የሰውነት የራሱ ጠባቂዎች ናቸው፣ አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ከበሽታ እንዲከላከሉ የተሰማሩት። የገዛ ወገናቸውን ጠላት ነው ብለው ይፈጁታል።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን ተረት ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀ። የወሰዷቸው ከዚያው ከአዳራሹ በር ነው።

ባለቤታቸው ስንቅ ያመላልሱ ነበር። ምግቡ ይገባል፣ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ክኒን ይመለሳል። ያለ ክኒኑ ግን ማኘክም አይችሉም። አንድ ቀን ምግቡም ተመለሰ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ መፈክሩም ረጅም ነበር። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የማንም እጅ አልወረደም። ሁላችንም ጤነኞች ነበርን።