ሊቀ ቡችላ አያ አራጌ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት መንደር በአገራችን የለም። ጎጆ ሲሠራ ምሰሶው ጠሟል ይላል። ሰው ሲታመም መድኃኒቱን ያውቃል፤ በሽተኛው ሲሞትም መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ያውቃል።

ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው መንደራችን ይህን ሥልጣን የያዙት አያ አራጌ ነበሩ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ዳዊት ሳይደግሙ ተመልሰዋል ይባላል። ከዚያ ይዘውት የመጡት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ “ሥርዓት አለው።” አጥር ማጠር ሥርዓት አለው። ቅቤ መናጥ ሥርዓት አለው። በስልሳ ስድስት የካቲት የንጉሡ ካቢኔ መውረዱን ከመካነ ሰላም የመጣ ሰው ሲያወራ እንኳ፥ አያ አራጌ አወራረዱን ነቅፈው አለፉት።

ያ ዓመት የረሃብ ዓመት ነበር። ከከብታችን የቀረችን አንዲት ያረገዘች ላም ስትሆን፥ ጅቡ በጠራራ ፀሐይ መንደር መግባት ለምዷል። አሮጌው ውሻችን ሞቶ ስለነበር አጎቴ ሞላ ከአቀስታ ቡችላ ሊያመጣልን ቃል ገባ። ችግሩ ቡችላው ገና አለመወለዱ ነው። ለአያ አራጌ ግን ይህ ሰፊ ጊዜ ነበር።

ጎተራቸው ከገና በፊት ተጠርጓል። በሬዎቻቸው አልቀዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ አልታዬ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከቤታቸው ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። አጅባር እህል ይታደላል ሲባል ይህ ለደካሞች ነው ብለው ቀሩ። እንብላ ያላቸውን ሁሉ አሁን በልቼ መጣሁ ይሉታል። ለምክር ከተጠሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አማካሪ የቀረበለትን ካልቀመሰ ምክሩ አይረጋም፤ ይህም ሥርዓት አለው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከደሴ ስመለስ፥ እናቴ ይርገዱ ለቡችላው መሰናዶ አያ አራጌን አማካሪ አድርጋ ጠበቀችኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ከእህል ጉድጓዳችን በቀረችው ገብስና ባቄላ ቤተሰቡ በቀን አንዴ፥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላል። አያ አራጌ የሚደርሱት ስምንት ተኩል ላይ ነው። ሰዓት የላቸውም፤ ግን ተሳስተው አያውቁም።

መጀመሪያ የቡችላው ቤት ተሠራ። አባቴ ክንፈ፥ ድንጋይ ክቦ ሣር አለበሰው። አያ አራጌ ዞረው አዩትና በሩ ወደ ሚካኤል ስለሚያይ ቡችላው በቅዳሴ ሰዓት ይጮኻል አሉ። ፈረሰ። ወደ ምሥራቅ ቢዞር ነፋስ አገኘው፤ ፈረሰ። ሦስተኛው ላሟን ፊት ለፊት ስለሚገጥም ያስደነግጣታል ሲሉ አባቴ ዶማውን ጣለ።

“ኧረ አያ አራጌ፥ ለሚካኤል ቤተ ልሔምም ይኸን ያህል አልደከምን።”

“ለዚያም አይደል ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ።”

ቀጥሎ የወተት ነገር ተነሣ። ላሟ ብትወልድ፥ ቡችላውም በጾም ቢደርስ፥ ወተት ይጠጣል ወይ? እናቴ ይህን ስትጠይቅ ላሟ አልወለደችም፥ ቡችላው የለም፥ ወተቱም የለም። አያ አራጌ ጉዳዩን በአንድ ሳህን ንፍሮ መረመሩት። ወንድ ከሆነ እስከ አርባ ቀን፥ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን ጾም የለባቸውም ሲሉ ፈረዱ። አባቴ ከዚያስ ይጠመቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ንፍሮው እስኪያልቅ አልሰሙትም።

እኔ ተማሪ ነኝና ነገሩ አናደደኝ። ሰውየው በዕድሜያቸው ውሻ አሳድገው እንደማያውቁ፥ እንዲያውም ውሻ ከሩቅ ሲያዩ መንገድ እንደሚቀይሩ ለእናቴ ነገርኳት። “ዝም በይ፥ ይሰማሉ” ብቻ አለችኝ። አንድ ቀን ግን እሳቸው ባሉበት ቤቱ አልቋል፥ ለመብሊያው የተሰነጠቀ ገበቴ ተለይቷል፥ ከእንግዲህ ምን ይቀራል አልኩ። እናቴ እግሬን ረገጠችና ስለ ቡችላው ስም ጠየቀቻቸው። ስም አምስት ቀን ፈጀ። ዘመኑ ሰው በስሙ የሚጠየቅበት ስለሆነ ደጃዝማች ደጃዝማች የሚሸት እንዳይሆን አስጠነቀቁ።

ግንቦት ሲገባ አጎቴ ሞላ ቡችላውን በአቁማዳ ይዞ ደረሰ። ቡችላው የተሠራለትን ቤት አሽትቶ አለፈና ከላሟ ግርግም ሥር ተጋደመ። አያ አራጌ ምርኩዛቸውን መሀል አድርገው ከሩቅ መረመሩት፤ መልካም ነው አሉ። ከዚያ ገብተው እንደ ወትሮው ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። የሚመከር ነገር አልቀረም። አዲሱ እህል ደግሞ ገና አልተዘራም።

“አብሽሪ ይርገዱ፥ እንግዲህ ሥርዓቱ ተፈጽሟል” አሉና ወደ በሩ አመሩ።

እናቴ ቂጣውን እንደያዘች ቆመች። ስድስት ዓመት አብራን የኖረችው ድመት መደቡ ላይ፥ እሳቸው ከተነሡበት ቦታ አጠገብ ተጠቅልላ ተኝታለች።

“አያ አራጌ፥” አለች፥ “ለመሆኑ ቤት ድመት ሲገባ ምን ምን ይሰናዳል?”

አያ አራጌ ዞሩ። ድመቷን አዩ። እናቴን አዩ። አባቴ የጣራውን ማገር መቁጠር ያዘ፤ እኔም ሳልረገጥ እግሬን ሰበሰብኩ። ምርኩዛቸውን ቀስ ብለው ከግድግዳው አስደገፉና ከድመቷ አጠገብ ተቀመጡ።

“ድመትማ” አሉ ቂጣውን እየቆረሱ፥ “ሥርዓቷ ረጅም ነው።”

እስከ ጥቅምት ድረስ ስለ ድመት ተማርን። ዓመታት አልፈው፥ ባለፈው ሰሞን ልጆቼ አንዲት ግልገል ድመት አቅፈው ሲመጡ፥ እኔ ራሴ ደጅ ላይ አስቁሜ፥ በሩ ወደየት እንደሚያይ ሳጣራ ተገኘሁ።