ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ

ቡታጅራ ዙሪያ በአንዲት ቀበሌ፣ ስሙን በአክብሮት የማልጠራው ጽሕፈት ቤት የአጎበር ጥንካሬ ጥናት ማካሄዱን ስሰማ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። የወባ ትንኝ ያለ ጥናት ትነክሳለች፤ እኛ ግን ተጠንቶልን እንነከሳለን።

መመሪያው ግሩም ነው። ቀዳዳ የሚለካው በአካል ነው፦ አውራ ጣት የሚያስገባ፣ ቡጢ የሚያስገባ፣ ጭንቅላት የሚያስገባ። ምትክ የሚሰጠው ለመጨረሻው ብቻ ነው። የማን ጭንቅላት እንደሆነ ግን መመሪያው በትሕትና ዝም ብሏል።

የጥናቱ ቡድን ሃፊዛ ቤት ደረሰ። ሃፊዛ የሁለት ወር ልጅ ታቅፋለች፤ እርጉዝ ሳለች ወባ አንቀጥቅጧታል። አጎበሯን ሦስት ዓመት ሙሉ የአልጋው ሚስማር ሲቧጭረው ኖሯል።

“ጭንቅላት ያስገባል” አለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሺመቤት።

“በማን ጭንቅላት?” አሉ የቡድኑ ኃላፊ አቶ ወልደማርያም።

“የልጄ ሰተት ብሎ ይገባል” አለች ሃፊዛ።

“የሕፃን ጭንቅላት ገና ደረጃውን አላሟላም።”

“የኔስ?”

“የተጠቃሚ ጭንቅላት የጥቅም ግጭት አለበት።”

“ጋሼ፣ እኔስ ለምጄዋለሁ። ይቺ ልጅ ግን ወባን አትችልም።”

“ስሜታዊ አንሁን። የሚወስነው የኃላፊ ጭንቅላት ነው።” ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ። “ልብ በሉ፣ አይገባ...” ሲሉ ገባ።

አገባቡ የሚያስመሰግን ነበር። ሲወጣ ግን ጆሮዎቻቸው አልተባበሩም። በጎተቱ ቁጥር ክሩ አንገታቸው ላይ ጠበቀ።

“መቀስ!”

“ውይ ጋሼ! የመንግሥት ንብረት ይቀደዳል እንዴ?” አለች ሃፊዛ። “መጀመሪያ ምትኩ ይፈረም።”

“ወላሂ፣ አሁን ገና ሙሽራ መሰሉ!” አለች ጎረቤቷ ባሂራ ከደጅ።

አቶ ወልደማርያም፣ ጭንቅላታቸው ከአጎበሩ ውስጥ፣ እጃቸው ከውጭ ሆኖ፣ ቅጹን በዳበሳ ፈረሙ። አዲሱ አጎበር ተሰቀለ፤ ሕፃኗ ከሥሩ ተኛች፤ ከዚያ በኋላ መቀሱ ተገኘ።

ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፦ “አጎበሩ ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ አንድ ሙሉ ኃላፊ ሳይበጠስ ይዞ መቆየቱ በመስክ ተረጋግጧል። ስለሆነም ለቀሩት አባወራዎች ምትክ አያስፈልግም።”

የቀበሌው ሕዝብ በጥናቱ እጅግ ረክቷል። በማግስቱ፣ ባሂራን ጨምሮ አርባ ሦስት አባወራና እማወራ የፈረሙበት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤቱ ቀረበ፦ “የኛንም ቀዳዳ አቶ ወልደማርያም በአካል ተገኝተው፣ በራሳቸው ጭንቅላት ይለኩልን። መቀስ እኛ እናቀርባለን።”