ለመሐላ የተተከለ ድንኳን

እኛ ሰፈር የእድር ድንኳን ተተክሎ ካያችሁ «ማን ሞተ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ነውር ነው። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ትገባላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ የሟቹን ስም ከጎናችሁ ካለው ሰው ሹክሹክታ ቀስ እያላችሁ ትለቅማላችሁ። ለቅሶ ቤት ተሳስቶ ግማሽ ቀን ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ። እንባው ግን አልባከነም፤ የራሱም ሟች ነበረውና።

እኔ ወሬ አላበዛም። አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያረጀሁ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ የእድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ መያዝ ነው።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ናታሻ የምትባል የዩክሬን ሴት አለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእኛው ሰፈር ልጅ ነበር፤ ኪየቭ ተምሮ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲቀጠር እሷን ይዞ መጣ። እሱ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ከእድራችን ለቅሶ ጠፍታ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ያሉትን የአገሯን ሰዎች ልጆች ግቢዋ ሰብስባ ስካውት ታደርጋቸዋለች። አንገታቸው ላይ መሐረብ አስረው በቋንቋቸው ይዘምራሉ፣ ገመድ መቋጠር ይማራሉ፣ የሰፈሩን ቦይ ይጠርጋሉ። መጀመሪያ ሰፈሩ ሳቀ። ቦዩ ሲጠረግ ዝም አለ።

ዘንድሮ ዳሪና የምትባል የእህቷ ልጅ፣ ጦርነቱን ሸሽታ ከእናቷ ጋር ናታሻ ዘንድ ተጠልላ ነበር። አባቷ ጦር ሜዳ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። እናትና ልጅ ሰኞ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ሆነ። ዳሪና ደግሞ ከመሄዷ በፊት የስካውት መሐላዋን ከነዚሁ ጓደኞቿ ጋር መማል አለባት። ወጋቸው ድንኳን ውስጥ አብሮ አድሮ ጠዋት መማል ነው። አርብ ዕለት የጣለው በረዶ ትንንሾቹን ድንኳኖቻቸውን ቦጫጭቆ ጣላቸው።

ናታሻ የእድሩን ዳኛ፣ ባለሱቁን አቶ ወልዴን ጠየቀችው። ድንኳኑ ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው፣ ለልጆች ጨዋታ ሕጋችን አይፈቅድም ብሎ መለሳት። ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም፤ አልለመነችም።

«አባባ ቶላ፣ ይህ ድንኳን ባሌ ሲሞት አስጠልሎኛል። ልጅቷ ሳትምል አትሄድም። እርስዎም እምቢ ካሉ ዝናብ ላይ እናድራለን» አለችኝ።

እንደምታደርገው አውቃለሁ። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት።

እንግዲህ እሁድ ጠዋት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? የእድር ድንኳን፣ ናታሻ ግቢ። የእኛ ሰው ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። ነጠላ ተዘቀዘቀ። ንፍሮ ተቀቀለ። ልጆቹ ለመሐላው ሲሰለፉ ለቀስተኛው እየተጎነበሰ ገብቶ አግዳሚውን ሞላው። አንዲት ጎረቤት «ናታሻዬ፣ እኔን» እያለች ደረቷን ትመታለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል አቶ ወልዴ ደረሰ። አመጣጡ ለቁጣ ነበር፤ የተቀመጠ ለቀስተኛ ሲያይ ግን ልማድ አጎንብሶ አስቀመጠው።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ያኔ ዳሪናን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ፓፓ?» አለች።

ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ይህ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ናታሻ እቅፍ አድርጋ በጆሮዋ ደጋግማ ነገረቻትና ወደ እኛ ዞረች።

«ማንም አልሞተም። ልጆቹ ናቸው ያደሩበት። ይህች ልጅ ግን የአባቷን መርዶ ይዛችሁ የመጣችሁ መስሏታል።»

ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ቀስ ብላ አስተካከለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አቶ ወልዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሕጉን ሊያወርደው ነው አልን።

«ከተቀመጥን አይቀር፣ ትማል» አለ።

ዳሪና ጀመረች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠና አቋረጠች። ምራቋን ውጣ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። ምን እንዳለች የገባው ለቀስተኛ የለም፤ ስትጨርስ ግን ሁሉም «አሜን» አለ። ንፍሮውን ልጆቹ ጨረሱት።

ድንኳኑን አጣጥፈን ስናስገባ አቶ ወልዴ ለብቻዬ ገሠጸኝ። ያለ ፈቃድ መስጠት ሁለተኛ እንዳይደገም አለኝ። እሺ አልኩ። የዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«አባባ ቶላ፣ የልጅቷ አባት የተገኘ ዕለት ግን ይንገሩኝ። ድንኳኑን ራሴ ነኝ የምተክለው።»

ያ ለቅሶም ሠርግም እንዳልሆነ አላስታወስኩትም።