የሴቻው ግድግዳ ጠበኞች

ሥዕል ቤት ውስጥ ሲሰቀል ባለቤቱ አንድ ነው። አደባባይ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ይበዛል። ይህንን እኔን ጠይቁኝ።

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ ጠራኝና ሴቻ ሰፈር፣ አደባባዩ ፊት ያለውን ረጅም ግድግዳ አሳየኝ። ለአብዮት በዓል ወዝአደርና ገበሬ ሳልበት፤ ጡጫቸው ከፍ ይበል፣ ፊታቸውም ቆጣ ይበል አለኝ። ለምን ይቆጣሉ? እኔ ምን አገባኝ። ግድግዳው መሀሉ ላይ በር ስላለው አንዱን ከወዲያ፣ አንዱን ከወዲህ አቆምኳቸው። ተፋጠጡ። የገበሬውን ቅንድብማ ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መሰላል ላይ ሆኜ ስቀባ፣ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ ለገበያ የወረዱ ሦስት ሽማግሌዎች ከሥሬ ቆሙ። አንዱ ጋሽ ዳንሳ ናቸው፤ የለበስኩትን ጋቢ የሸመኑልኝ።

“ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች በምን ተጣሉ?” አሉኝ።

አልተጣሉም፣ ጠላት ላይ ነው የሚዝቱት አልኳቸው።

“ጠላትየው የት አለ?”

ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። እውነትም ጠላት አልሳልኩም።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የተውኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እርጥብ ሣር ሊያጭዱ ኖሯል። ተመልሰው መጡና ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መሰላሉ ሥር ተንበረከኩ። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ያበቃል። እምቢ ያለውን ሰው ከዚያ በኋላ ማን ሰላም ይለዋል? ማንስ ልጁን ይድርለታል?

“ሥዕል መሆኑን እናውቃለን” አሉኝ ጋሽ ዳንሳ። “ግን አደባባይ ነው። አደባባይ ላይ ጠብ አይከርምም። ልጆች እያዩት ያድጋሉ።”

ጨነቀኝ። ጡጫውን ባወርድ በአብዮቱ መጣሁ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከዚህ ባነሰም ሰው ይታሰር ነበር። ሣሩን እምቢ ብል ጎረቤት የለኝም። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? አረንጓዴ ቀለም በጠበጥኩና በሁለቱም ጡጫ ውስጥ አንዳንድ ጭብጥ ሣር ሳልኩ። ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ሄዱ።

የበዓሉ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡት ትልቅ እንግዳ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ቆይተው፣ ይሄ አረንጓዴ ነገር ምንድነው ብለው ካድሬውን ጠየቁት። ካድሬው እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ።

“ምርጥ ዘር ነው፣ ጓድ” አለ ላቡን እየጠረገ።

የት ነው የሚመረተው ቢሉት፣ ከሰዉ መሀል ጋሽ ዳንሳን አይቶ ኦቾሎ ነው አለ። እንግዳው ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። ብዙም ሳይቆይ ለኦቾሎ ገበሬዎች፣ ለዚያው ምርጥ ዘር የሚሆን ማዳበሪያ በጭነት መኪና መጣላቸው።

ከወራት በኋላ ጋሽ ዳንሳ ቤቴ ድረስ መጡ። ማዳበሪያውን ምን አደረጋችሁት አልኳቸው፣ እየፈራሁ።

“ለዚያ ሣር አይደል የተላከው? ሣሩ ላይ በተንነው” አሉኝ። ላሞቹ ጠግበው ከርመዋል። ይህን ብለው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ትልቅ ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሥዕል እንጀራ አይሆንም ይሉኝ ነበር ዘመዶቼ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቅቤ ሲሆን አይቻለሁ።